ሞተሬን ያዋስኩት ቅዳሜ

ጓደኛዬ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ ከከረን መንገድ ወጣ ብሎ ባለው የወላጆቿ መንደር ወልዳለች።

«ሓወይ፣ ሞተርህን ለዛሬ ብቻ» አለኝ። «ሳይመሽ እመልስልሃለሁ።»

ቁልፉን ሰጠሁት። አሮጌ ሞተር ናት፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ይሸጥ ከነበረ ጣሊያናዊ የገዛኋት። በመምህራን ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ያልተናገርኩት ጉራ አልነበረም። የኋላ ፍሬኗ አልይዝ ማለት ከጀመረ ግን ሳምንት አልፎት ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አፈርኩና ተውኩት።

በዚያ ጊዜ ከአስመራ በሚያስወጣው መንገድ ሁሉ ወታደር የቆመበት ኬላ ነበር። ጥይት ከተተኮሰ የሚጠየቀው ማን ተኮሰ ተብሎ ሳይሆን ማን እዚያ ነበር ተብሎ ነው።

አስር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጓደኛዬ ሞተሯን እየገፋ ቆሟል። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። በቤንዚን መያዣዋ በሰርባቶዮው ጎን ላይ የተለጠፈ እርጥብ ሳሙና አየሁ።

«ዝጋው፣ በሩን ዝጋው!» አለኝ። «ስመለስ ኬላው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ቁም አሉኝ። ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፤ እምቢ አለኝ። አለፍኳቸው። ከኋላዬ ተኮሱ፤ ሰርባቶዮውን በሱት። ቤንዚኑ እንዳይፈስ ሳሙና ለጠፍኩበት።»

«ታርጋዋን አይተዋል?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ!»

ታርጋዋ በስሜ ነው። ሞተሯን ሳንቀሳቅሳት ሰርባቶዮው ውስጥ አንድ ነገር ኳ ኳ አለ። ጥይቱ ውስጥ ቀርቷል።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት እግዜር ይወቀው። ማኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እነሱ ናቸው እያልኩ ከወንበሬ እነሳለሁ። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሰርባቶዮውን ፈትተን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለን፣ በእግራችን ወደ መደበር፣ ወደ ብረት ሠሪዎቹ ገበያ፣ ይዘን ሄድን። በየእርምጃው ጥይቱ ይንኳኳል። ሁለት ወታደሮች ሲመጡ አየንና ጆንያውን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። አንደኛው ዞር ብሎ አየኝ። ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ ፊት ሳበኝ። አልፈው ሄዱ።

ብየዳ የሚሠራው ሽማግሌ ሳሙናውን ላጠና ጣቱን በቀዳዳው አስገባ። ቀና ብሎ አየን። «ምን በሳው?» አለ።

«ድንጋይ» አለ ጓደኛዬ።

ሽማግሌው ሰርባቶዮውን ገለበጠው። ጥይቱ መሬት ላይ ጠብ አለ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ አጠገቡ በተከመረው የነሐስ ቁርጥራጭ ውስጥ ወረወረው፤ «ለድንጋይስ ከባድ ነው» አለና ሥራውን ቀጠለ። አጥቦ፣ እንዳይፈነዳ ውሃ ሞላበት፣ ቀዳዳውን በየደው፣ ቀለም ቀባው። ጓደኛዬ ካልከፈልኩ ብሎ ከፈለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልመጣም። ፍርሃቱ ሲቀልልኝ የደበቅኩት ነገር ይከብደኝ ጀመር። አንድ ቀን ጥራቮሎ ሰፈር አንድ ሻሂ ቤት ውስጥ ሻሂ ስንጠጣ ነገርኩት።

«ፍሬኑ ቀድሞም አይዝም ነበር። ዐውቅ ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ። የብየዳውን ልክፈልህ።»

ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁለት። አላነሳውም። «ይሄ የብየዳው ነው» አለ። «እኔ እኮ ያንን ቁልቁለት ስወርድ፣ ልጄ ያለ አባት ቀረች እያልኩ ነበር። እሱንስ ማን ይከፍለኛል?»

ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ወር ያህል ሰላምታችን በራስ ንቅናቄ ብቻ ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት መምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ቀይ ቀለም ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ቀስ በቀስ ማውራት ጀመርን፤ ስለ ልጁም ይነግረኝ ነበር። ሞተሬን ግን ዳግመኛ አልጠየቀኝም፤ እኔም ፍሬኑን ካሠራሁ በኋላም ውሰዳት ለማለት ድፍረት አላገኘሁም።