የታጠፈው ጆሮ

ቡራዩ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቤቴ አስኮ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ከተማ ሲጋፋ እኔ ባዶ ታክሲ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ በተቃራኒው እሄዳለሁ። በሥራዬ የምመካበት ብዙ ነገር ስላልነበረኝ በቀይ እስክሪብቶዬ እመካ ነበር። የአንድ ክፍል ደብተር በአንድ ክፍለ ጊዜ አርሜ እጨርሳለሁ። አንዴ ካቀረቀርኩ ቀና አልልም።

ፖርቱጋል ከምታስተምር አንዲት መምህርት ጋር በኢሜይል ያገናኘችኝ አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። ሥራው ቀላል ነው። የእኔ ተማሪዎች የሚያውቁትን የአንድ ሰው መልክ በጽሑፍ ይገልጻሉ፤ የዚያ አገር ልጆች ጽሑፉን ብቻ አንብበው ሰውየውን ይስላሉ። እነሱም እንዲሁ ጽፈው ይልካሉ፣ እኛ እንስላለን። በመጨረሻ ሥዕሉ ከሰውየው ፎቶ ጎን ይቀመጥና ምን ያህል እንደተመሳሰለ ይታያል። ርዕሰ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እስከሆነ ድረስ ግድ የለኝም አሉ።

መጀመሪያ የደረሰን የእነሱ ነው። አንዱ ልጅ ስለ አያቱ ጽፏል፤ ሱሪያቸውን በገመድ የሚያስሩ፣ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ፣ አፍንጫቸው ላይ ባቄላ የሚያክል ኪንታሮት ያለባቸው ሽማግሌ ናቸው። ከባድ ከባዱን ቃል ሰሌዳ ላይ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ሥዕሎቹን ስሰበስብ ግን የሽማግሌው ጥርስ ሙሉ ነው፣ አፍንጫቸው ንጹሕ ነው፣ ወገባቸው ላይ ደህና ቀበቶ አለ።

«ኪንታሮቱስ?» አልኩ።

«ቲቸር፣ ትልቅ ሰው ናቸው እኮ» አለ የክፍል አለቃው።

«እና?»

«ነውር ነዋ።»

የሰው አገር ሽማግሌ አከበራችሁ ብዬ አልቆጣ። ሳቅሁና እንዳለ ላክሁት።

የእኛዎቹን ጽሑፍ ማረም ስጀምር ከገፈርሳ በእግሯ የምትመጣ አንዲት ተማሪ ስለ አባቷ የጻፈችው እጄ ገባ። ዝምተኛ ናት፤ ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። አባቷ ካረፈ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። ባህር ዛፍ እየቆረጠ መኪና ላይ የሚጭን ሠራተኛ ነበር። እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም የምትለው ነገር ይገባል። አጣና ከመሸከም ብዛት ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል። የአንዱ ጆሮው ጫፍ እንደ መጽሐፍ ገጽ ታጥፏል። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቤቱ ሲገባ እንኳ ቶሎ አይቀመጥም፣ በር ላይ ትንሽ ይቆማል።

አንብቤ ደነገጥኩ። አባት፣ ያውም የሞተ አባት፣ እንዲህ አይጻፍም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ሟች ጆሮ የሚያወራ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ደግነቱ ይነገራል፣ ቁመናው ይነገራል፣ በቃ። ልጅቷን ከሰው ትዝብት ላድናት ብዬ ትከሻውን ሰረዝኩ። ጆሮውንም፣ አፉን መሸፈኑንም ሰረዝኩ። በምትኩ ለናሙና ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር አስገባሁላት፤ አባቴ ረጅም፣ መልከ መልካምና ደግ ሰው ነበር የሚለውን። በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ ሰጠችኝ። መገልበጧን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ሥዕሎቹ ሲመጡ ጽሕፈት ቤት አሳትሜ ክፍል ውስጥ ክር ወጥሬ ሰቀልኳቸው። የክፍሉ ዘመድ አዝማድ በሙሉ ረጅምና መልከ መልካም ሆኖ ተደርድሯል። የሱሉልታው አጎት ከሰበታዋ አክስት የሚለየው ሱሪ በመልበሱ ብቻ ነበር። ልጆቹ ከቤት ያመጡትን ፎቶ ከሥዕሉ ሥር እየለጠፉ ተሳሳቁ። እሷ ግን አልለጠፈችም።

«ፎቶውስ?» አልኳት።

«የለም፣ ቲቸር።»

«ነገ አምጪዋ።»

«አባቴ ፎቶ የለውም። ያለው ስልኩ ላይ ነበር፤ ስልኩን ታክሲ ውስጥ ሰረቁት። መታወቂያውም ኪሱ ውስጥ እንዳለ ዝናብ መትቶት ፊቱ ለቋል።» ክሩ ላይ የተሰቀለውን ቆንጆ ሰውዬ ቀና ብላ አየችው። «የጻፍኩት እሱን ሥለው እንዲልኩልኝ ነበር። ለሙት ዓመቱ ግድግዳ ላይ እንድንሰቅለው። ፊቱ እየጠፋብኝ ነው፣ ቲቸር። ትከሻውን ለምን አጠፉት?»

አፈርኩ። በማስተማር ዘመኔ ተማሪ ፊት እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ይባስ ብሎ ልጆቹ ኪንታሮቱን ሲያስቀሩ የሳቅሁት ሳቅ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያውን ወረቀት፣ በቀይ የተተለተለውን፣ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣው ነበር። ተቀበልኳትና እዚያው ጽሕፈት ቤት ቁጭ ብዬ ከነስሕተቱ፣ አንዲት ፊደል ሳልነካ ጽፌ ላክሁት። ለመምህርቷም የፊተኛው የልጅቷ ሳይሆን የእኔ ድርሰት እንደነበር ነገርኳት።

መልሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በር ላይ የቆመ ሰው ነው። ቀኝ ትከሻው ወርዷል፤ በእጁ አፉን ሸፍኗል፤ ሳቁ ዓይኑ ላይ ይታያል። በሩ የእኛ አገር በር አይደለም፣ ዙሪያውን በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ነው። ልጅቷ ብዙ ካየችው በኋላ ትከሻውን በጣቷ ነካች።

«ይሄ እሱ ነው» አለች። ጣቷ ወደ ላይ ሄዶ የታጠፈው ቀኝ ጆሮ ላይ ቆመ። «በዚህ በኩል ነበር እንዴ?»

ጽሑፏ የትኛው ጆሮ እንደሆነ አይናገርም፤ የሳለው ልጅ በግምቱ ቀኙን መርጧል። የራሷን ጆሮ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን እየነካች ልታስታውስ ሞከረች። ሊመጣላት አልቻለም።

«እርስዎ አይተውታል እኮ» አለችኝ። «ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ካርዴን የወሰደው እሱ ነው። እርስዎ ነበሩ የክፍላችን ኃላፊ፣ ፊት ለፊትዎ ቆሞ ነው የፈረመው። የቱ ነው?»

የዚያን ቀን አስታውሳለሁ። የወላጆች ሰልፍ እስከ ውጭ ድረስ ነበር። እኔ አቀርቅሬ ስም እጠራለሁ፣ የሚፈረምበትን ቦታ በጣቴ አሳይቼ «እዚህ ጋ» እላለሁ። ያየሁት እጅ ነው፤ ሸካራ እጅ፣ የቆሰለ እጅ፣ እስክሪብቶ ያልለመደ እጅ። ግራው ነው ብላት ታምነኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላየሁትም» አልኳት።

ሥዕሉን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለሙት ዓመቱ ጠሩኝና ጭቃውን እያቦካሁ ገፈርሳ ሄድኩ። እናቷ «አካም ጂርታ፣ ቲቸር» ብላ ተቀብላኝ ሥዕሉ ፊት ለፊት አስቀመጠችኝ። መስተዋት ገብቶለት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቀኝ ጆሮው በላጲስ ተፍቆ ወረቀቱ ሳስቷል። በግራው በኩል እርሳስ ተጭኖ የተሳለ፣ ከልኩ ትንሽ የተለቀ፣ ጫፉ የታጠፈ ጆሮ አለ።

«አስታወስሽ?» አልኳት ልጅቷን ቀስ ብዬ።

«እኔ አይደለሁም፣ እናቴ ናት። መጀመሪያ ስጠይቃት እሷም ጠፋባት። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ የቆመ ሰው እንዳለ አድርጋ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ጠዋት ሥራ ሲሄድ ጆሮውን ነካ አድርጋ ነበር የምትሸኘው። ‹ገመ ከነ› አለች፣ በዚህ በኩል ነው። እርሳሱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ሳለችው።»

በተከታዩ ዓመት ካርድ ስሰጥ የእኔ ሰልፍ አልንቀሳቀስ አለ። ርዕሰ መምህሩ መጥተው ወላጆቹን ምን እንደሚያስቆማቸው ጠየቁኝ። ጆሮ እያየሁ ነው አልላቸው ነገር።