አራት ሳምንት የቀደመው ትንሣኤ

ከሶዶ በወጣንበት ዋዜማ አባቴ አልመረቀኝም። እናንተ የምእመናኑ ሽማግሌዎች ጸልያችሁ፣ እጃችሁን ጭናችሁ፣ የመንገድ ስንቅ አስይዛችሁን ስታበቁ እሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ወንጌል የማያውቅ ሰው ፍለጋ ዲላ ድረስ ምን አስኬደህ? እኔ እዚሁ አለሁልህ» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ከእኔ ሌላ ወንድ ልጅ የለውም።

በማግስቱ እኔና ባለቤቴ ማርታ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። ማርታ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል፣ ስለዚህ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፋለች። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሴን በብብቴ፣ ፈረንጁ ሚሲዮናዊ ሲሸኘኝ የሰጠኝን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በደረቴ ይዣለሁ። የፏፏቴ ሥዕል ነበረበት። መንገዱን ሙሉ የፈራሁት እሱ እንዳይታጠፍብኝ ነው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሻሸመኔ አድረን፣ አዋሳን አልፈን ዲላ ገባን። አገሩን በመንግሥት ደብዳቤ ደራሳ ይሉታል፣ ሰዎቹ ግን ራሳቸውን ጌዴኦ ይላሉ። እንሰት እንደ እኛው አገር ሞልቷል፣ ብቻ ቆጯቸው ከእኛው ይኮመጥጣል። ዳጣን፣ የእኛን አገር የበርበሬ ማባያ፣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማርታ ለእናቷ ያላለቀሰችውን ለዳጣ ሦስት ቀን አለቀሰች። ቡናው ሲያብብ ደግሞ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል፤ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ መዓዛ!» ሲል እሷን ያስመልሳታል።

ቤት ያገኘነው ከወይዘሮ አስካለ ዘንድ ነው። ከሸዋ ከወታደር ባላቸው ጋር የመጡ፣ ባላቸውን እዚያው የቀበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሴት ናቸው።

«ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ክርስቲያን ነኝ፣ እማማ።»

«እሱማ እኔም ነኝ። ትጾማለህ?»

«አንጾምም።»

«ትጠጣለህ?»

«አንጠጣም።»

«አትጾም፣ አትጠጣ! ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«እሰብካለሁ።»

«ይኸም ሥራ ሆኖ!» አሉና የማርታን ሆድ አዩ። «ለእሷ ስል ነው። በሁዳዴ ከዚህ ግቢ የሥጋ ወይም የቅቤ ሽታ የወጣ ዕለት ግን ዕቃህን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ።»

ቃሌን ጠበቅሁ። ሁዳዴ ሲገባ ከግቢው የሚወጣው የጎመን ሽታ ብቻ ሆነ። ችግሩ የመጣው ከግቢው ውጭ ነው።

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዳገቱ ላይ፣ አቶ ጅግሶ የሚባሉ ቡና ገበሬ ነበሩ። የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ናቸው። ቃሉን መጀመሪያ የሰሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤት ሰብስበው እንሰታቸው ሥር ያስቀምጡልኛል፣ እኔ በአማርኛ አነባለሁ፣ እሳቸው በጌዴኦኛ ይመልሱታል። እኔ አንድ ቁጥር ሳነብ እሳቸው ሩብ ሰዓት ይናገራሉ። ምን እንደሚጨምሩበት ዛሬም አላውቅም።

ሶዶ ሳለሁ ፋሲካ መቼ እንደሚውል እናንተ ትነግሩኝ ነበር። ዲላ ላይ የሚነግረኝ ስለሌለ ቀን መቁጠሪያዬን አየሁ። አንዱ እሑድ በቀይ ተጽፎ፣ ሥሩ በፈረንጅ ፊደል ትንሣኤ ይላል። ይህችን ያህል ማንበብ ሚሲዮን ቤት ተምሬአለሁ። ፈረንጅ የራሱ ፋሲካ እንዳለው ግን ማንም አላስተማረኝም። የማይጾም ሰው ደግሞ የጾም ሳምንት አይቆጥርም።

ማርታ ብቻ፣ «እማማ አስካለ ገና ሽሮ እያስፈጩ ነው፤ እንዴት አድርጎ ፋሲካ ይሆናል?» አለችኝ።

«እነሱ ጾም ያበዛሉ» ብዬ መለስኩላት። አገልጋይ ነኝና በእርግጠኝነት ነው የመለስኩት።

በዚያ እሑድ ጠዋት በአቶ ጅግሶ ግቢ ስለ ባዶው መቃብር ሰበክሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰብኬ አላውቅም። ሴቶች አለቀሱ፣ ሽማግሌዎች ዘመሩ። አቶ ጅግሶ ብድግ አሉና በሚኮላተፍ አማርኛቸው፣ «ወንድም አንጁሎ፣ ጌታ ተነሥታለች ካልክ በጓ ለምን ይቆማል?» ብለው ቢላዋ አመጡ። አረድን፣ ጠበስን። ጢሱ ቁልቁል ወረደ። ዕለቱ ደብረ ዘይት፣ የጾሙ እኩሌታ ነበር። ከታች የባለ መሬቱ ወኪል ከቅዳሴ ሲመለሱ የጥብሱ ሽታ መንገድ ላይ ተቀበላቸው።

ሳንቀምሰው ፖሊሶች መጥተው እኔንና አቶ ጅግሶን ወሰዱን። ቆዳው ለማስረጃ ይፈለጋል ተብሎ እኔው ተሸከምሁት።

የጣቢያው ሻምበል ጨዋ ሰው ናቸው፤ አልመቱኝም። «ጌታ መቼ ነው የተነሣው?» አሉኝ።

«በሦስተኛው ቀን፣ ጌታዬ።»

«ከመቼ ጀምረህ ስትቆጥር?»

«ከስቅለት።»

«ስቅለት መቼ ነው?»

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርሁ።

«ገና አራት ሳምንት አለው፤ ያውም ከሁለት ቀን ጎድሎ። እኛ ሳንሰቅለው አንተ ከየት አምጥተህ አስነሣኸው?»

ቀን መቁጠሪያውን አስመጥተው አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና ስለ ፏፏቴው ጠየቁኝ፤ የት አገር እንደሆነ አላውቅም አልኳቸው። «ኤግዚቢት ነው» ብለው ከወንበራቸው በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ጸሐፊው የክሱን ቃል ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ከተወሰነው ቀን በፊት ትንሣኤ በማድረግ።» አቶ ጅግሶ ቃላቸውን ሲጠየቁ፣ «በጉ የኔ ነው፣ ቀኑ የሱ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ባለ መሬቱም ቡናቸውን የሚኮተኩት ሰው ስለፈለጉ በዚያው ቀን ተለቀቁ።

ወደ እኔ ሲደርስ ሻምበሉ፣ «ዋስ ካለህ ክስህ እስኪታይ ዲላ ትቆያለህ። ከሌለህ ሐሙስ በሚነሣው የጭነት መኪና ሚስትህን ይዘህ ወደ መጣህበት» አሉ። ማርታ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ያ መንገድ፣ ያ መኪና በዓይኔ መጣ። ሦስተኛውን ልጄን በአንድ ቀን መቁጠሪያ ልገድለው እንደሆነ ገባኝ። በከተማው ውስጥ በስሜ የሚያውቀኝ ባለ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እኔን ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «ሽታው ከእኔ ግቢ አልወጣም፤ ቃሉን አላፈረሰም» አሉ ለሻምበሉ። ከዚያ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከዲላ ወጥቼ ብጠፋ በእኔ ፈንታ እንደሚታሰሩ ተነበበላቸው፤ «ይሁን» አሉ። ውጭ ስንወጣ ነው ያነጋገሩኝ።

«ከዛሬ ጀምረህ እስከ ፋሲካ ትጾማለህ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ማታ ማታ ታነብልኛለህ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቴ መጽሐፍ አልተገለጠም።»

እናንተ ሶዶ ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ እዚህ ላይ እንደምትቆጡ አውቃለሁ። ጾምሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ በሕልሜ ሳይቀር ይመጣብኝ ነበር። ማታ ማታ መዝሙረ ዳዊት፣ ሰሞነ ሕማማት ሲገባ ደግሞ ወንጌሉን ከአማርኛው መጽሐፌ አነበብሁላቸው። በዚያ ሳምንት እጅ ለእጅ አይጨባበጡም፤ እኔ ማለዳ ሳላውቅ እጄን ዘርግቼ ብቻዬን ቀረሁ። ማታ ሲሆን፣ ጴጥሮስ ሲክድ ስንደርስ፣ አስቆሙኝ።

«ይኸ የእኛው ነው እንዴ?»

«የሁላችንም ነው።»

«ታዲያ ለምን ተጣላን?»

ለዚህ ጥያቄ ሚሲዮን ቤት የተማርሁት ባለ ሦስት ነጥብ መልስ ነበረኝ። ጣቴን ከቆምንበት ቁጥር ላይ አላነሣሁም። «ቀጥል» አሉኝ፣ ቀጠልሁ።

ዓርብ ሲሰግዱ ውለው ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ። ከዚያ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም፤ አክፍሎት ይሉታል፣ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማርታን ምጥ ያዛት። እማማ አስካለ በባዶ ሆዳቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የታደሉትን ቄጤማ ከራሳቸው ሳይፈቱ፣ ልጄን በእጃቸው ተቀበሉት። ጮኸ። እኔም ውጭ ቆሜ ከእሱ የባሰ ጮኽሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። በማግስቱ የዶሮውን ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው መጀመሪያ ያጎረሱት እኔን ነው። በዚያ ዓመት ክርስቶስ ሁለት ጊዜ ተነሣልኝ፤ የበላሁትም በሁለተኛው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ሻምበሉ ተዛውረዋል፤ ፋይሉ ግን አልተዛወረም። ጸሐፊው በየሦስት ወሩ ይቀጥረኛል፣ ቀርቤ ፈርሜ እመለሳለሁ። እኔ ከዲላ ወጣሁ ማለት እማማ አስካለ ወኅኒ ገቡ ማለት ነው። አባቴ የልጅ ልጁን አላየም። ዓይኑ ደክሟል፤ እሱ ወደ እኔ እንዳይመጣ ከሰፈሩ ርቆ ተጉዞ አያውቅም።

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ስልክ ቤት ቀጠሮ አስያዝሁ፣ ጎረቤቶች አባቴን ወደ ሶዶው ስልክ ቤት አመጡልኝ። እማማ አስካለም «እንኳን አደረሰዎ ልበላቸው» ብለው ተከትለውኛል። ክስ እንዳለብኝ፣ ዋስ እንዳለኝ፣ መምጣት እንደማልችል በቋንቋችን ነገርሁት።

«ማን ነው የያዘህ?» አለ።

«አንዲት እናት ናቸው።»

«አቅርብልኝ።»

አባቴ ከ«እሺ»ና ከ«አሜን» በቀር አማርኛ አይሰማም፤ እማማ አስካለም ወላይትኛ አይሰሙም። መስሚያውን ሰጠኋቸውና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«እንኳን አደረሰዎ! ልጅዎ ደህና ነው! የልጅ ልጅዎም ደህና ነው!» ብለው ጮኹ።

«እመቤቴ» አለ አባቴ፣ «ሌላ ልጅ የለኝም። ሳልሞት ልቀቂልኝ።»

«እሺ፣ እሺ» አሉ እማማ አስካለ።

«ትለቂዋለሽ?»

«እሺ አባቴ! አሜን!»

አባቴ ሲያለቅስ ሰማሁ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለ፣ «እንግዲህ እጠብቀዋለሁ።» መስሚያውን ልቀማ እጄን ስዘረጋ የከፈልሁበት ሦስት ደቂቃ ሞልቶ መስመሩ ተቋረጠ።

«እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!» አሉ እማማ አስካለ ስንወጣ። «ምን አሉኝ?»

«እንኳን አብሮ አደረሰን አሉ» አልኳቸው።

አባቴ በየቀኑ ከዘራውን ይዞ መኪና ማቆሚያው ድረስ እንደሚወርድ፣ የሚወርዱትን መንገደኞች በድምፃቸው ለመለየት አጠገባቸው እንደሚቆም ጽፋችሁልኛል። እባካችሁ፣ አንዳችሁ ንገሩት። እኔ አቃተኝ።