ጎኑ የተጫረው ወታደር

ከደብዳቤ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ትናንት ግን ለልጄ አልጋ የሚሠራው አናጢ ጽድ ሲልግ ሽታው የአባባን ቼዝ አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ አባባ ሆሳዕና ውስጥ አናጢ ነበር። ቼዙን ከጽድ የቀረጸው ራሱ ነው፤ ወታደሮቹን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለስኳቸው ደግሞ እኔ። ከመካከላቸው አንዱ ጎኑ ተጭሮብኝ ስለነበር ከሁሉም አብልጬ እወደው ነበር።

ከሰሜን የመጡት አስተማሪ፣ ጋሽ ታደሰ፣ አባባን ሁልጊዜ ያሸንፉት ነበር። አንድ ቅዳሜ አባባ ገና በሁለተኛው እርምጃ ያን ወታደሬን አውጥቶ አስበላው። ሰው ፊት ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ከጋሽ ታደሰ እጅ ነጥቄ ወደ ቦታው መለስኩት።

«የሞተ ወታደር አይነሳም፣ ሚጡ» አሉኝ እየሳቁ።

አባባ በሀዲይኛ፣ «መልሽላቸው፤ በር ሊከፍትልን ነው የሄደው» አለኝ። ነገሩ ባይገባኝም እንባዬን እየጠረግሁ መለስኩላቸው።

ብዙም ሳይቆይ ወታደሬ በለቀቀው መስመር የአባባ ግንብ ገብቶ ንጉሣቸውን መውጫ አሳጣው። ጋሽ ታደሰ ሰሌዳውን ደጋግመው አዩና፣ «ቅድም ልጅቷን ምን ብለሃት ነው?» ብለው ጠየቁ። አባባ ሳቀና ወታደሮቹን እንደገና መደርደር ጀመረ።

ያ ወታደር ዛሬም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ጽድ ጽድ ይላል። ጋሽ ታደሰ የዚያን ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ጎንበስ አሉልኝና እንዲህ አሉኝ፦

«አባትሽን ለማሸነፍ መጀመሪያ ሀዲይኛ መማር አለብኝ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ታስጀምሪኛለሽ።»