የፉአቲኖ ፍላሽ

የሳቫኢ ደሴቱ የአውቶቡስ ሹፌር ፔሳሚኖ ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሰነበተው። ሚስቱ ፉአቲኖ በማይረባ ነገር አኩርፋ እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ አንድ ቃል አልላከችለትም ነበር። በመጨረሻ ወንድሟ አንዲት ፍላሽ በእጁ አስጨበጠውና፣ «በአውቶቡስህ ቴፕ ብቻ አጫውታት፣ ሌላ ቦታ እንዳትከፍታት ብላሃለች» አለው። ታርቄሃለሁ ትበል፣ ቁርጥህን እወቅ ትበል፣ የሚታወቀው ከዚያች ፍላሽ ነው። ቴፑ ደግሞ አላውቃትም ብሎ ድርቅ አለ! ሲሰካት «ምንም አልተሰካም» ይላል፤ ነቅሎ ሲሰካትም ያው።

ያን ዕለት ጠዋት አውቶቡሱ ገበያተኛ ጢም ብሎ ሞልቶበታል። እዚያ አገር ደግሞ ሙዚቃ የሌለው አውቶቡስ ከቀብር አይለይም።

«ምነው ዛሬ ዝም ጭጭ?» አሉት ከጀርባው የተቀመጡት እማማ ሴፊና።

ፔሳሚኖ ጉዳዩን በሹክሹክታ ነገራቸው። እማማ ሴፊና ግን ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቁም።

«ፉአቲኖ የላከችው ነው? ወዲህ በላት! የባሕር ጨው በልቷት ነው» ብለው ከቅርጫታቸው የኮኮናት ዘይት አወጡና ፍላሿን እንደ አራስ ልጅ እሽት እሽት አደረጓት። በዚያች ደሴት ለወገብ ሕመምም፣ ለሚንቋቋ በርም መድኃኒቱ እሱ ነው። ቴፑ ግን ወይ ፍንክች።

«ኧረ እማማ፣ ጨረሷት እኮ!» አለች መምህርት ሉሲያ ከአጠገባቸው። ተቀብላ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት። «እስቲ መኪናውን አቁምና የድሮዋን ፍላሽህን ሰካ።»

ሰካ። ዘፈኑ አውቶቡሱን አናጋው።

«ስለዚህ ቴፑ ጤነኛ ነው።» ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ የፉአቲኖን ፍላሽ ሰካችበት፤ ወዲያው ተከፈተች። ውስጧ አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለው። «እሷም ጤነኛ ናት። ታዲያ ምን አጣላቸው?»

«እኔንና ሚስቴንም እንደዚያ ብለሽ ጠይቂን» አለ ፔሳሚኖ።

ተሳፋሪው በሙሉ አንገቱን አሰገገ። ሉሲያ ስትፈልግ ቆይታ ደረሰችበት፤ ፍላሿ የተዘጋጀችው በአዲስ ፎርማት ነው፣ አሮጌው ቴፕ የሚያነበው ደግሞ የድሮውን ብቻ።

«በድሮው ፎርማት ላድርጋት። ያው ውስጧ ያለው ይጠፋል...»

«ኧረ ስለ አምላክ!» ፔሳሚኖ እጇን ለቀም አደረገው።

«ቆይ እንጂ አንተ ሰው! ኮምፒውተሬ ላይ ኮፒ አድርጌዋለሁ፣ መልሼ እጭነዋለሁ።»

«ልትሰሚው እንዳይሆን!»

«አሁን አውቶቡሱ ሁሉ ሊሰማው አይደል?»

ሉሲያ ፎርማት አድርጋ፣ ፋይሉን መልሳ ጭና ስትሰጠው፣ ፔሳሚኖ ሞተሩን አስነስቶ ፍላሿን ሰካ። ቴፑ ትንሽ አሰብ አደረገና የፉአቲኖ ድምፅ በስፒከሮቹ ሁሉ አምባረቀ።

«ፔሳሚኖ! በደጃችን ስታልፍ ሙዚቃውን የምትቀንሰው ለምንድን ነው? እኔ እኮ ማለፍህን የማውቀው በሙዚቃው ነው። ጸጥ ብለህ ስታልፍ የጠላኸኝ ይመስለኛል።»

ለካስ እንደዚያ ነው የመሰላት! እሱ የሚቀንሰው በጠባቸው አፍሮ ነበር። 

«ምን ይገትርሃል?» ጮኹበት እማማ ሴፊና፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጨምረው እንጂ!»

መልእክቷን እየደጋገመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመረውና መኪናውን ነዳ። እናቷ ደጅ ሲደርሱ ፉአቲኖ የገዛ ድምፅዋን እየሰማች መንገድ ዳር ቆማለች። ባዶ መቀመጫ የለም፤ መቀመጫ ሲጠፋ ደግሞ ሰው በሰው ጭን ላይ መቀመጡ የአገሩ ደንብ ነው። እማማ ሴፊና ማንም ሳይነግራቸው ተነስተው መምህርት ሉሲያ ጭን ላይ ዘፍ አሉና፣ ከባሏ ጀርባ ያለውን ቦታ ለቀቁላት።