ከጓሯችን የወጣው ወፍጮ

«ማሚ፣ መሬቱ ባዶ ከነበረ ማታ ማታ ዘብ ያቆሙ የነበረው ማንን ፈርተው ነው?»

ልጄ ሩት ይህን የጠየቀችኝ አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ነው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ድስቱ ላይ እጨምራለሁ፤ እሷ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ባለችው ጠባብ ፍላታችን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ላፕቶፗን ከሽንኩርቱ ልጣጭ ጎን ዘርግታ ትጽፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ድሮዋ አሜሪካ እየተማሩ ነበር፤ ከአውሮፓ የተነሱት መርከበኞች ሕንድን እንፈልጋለን ብለው ያንን አገር እንዴት እንደደረሱበት፣ ኋላም የሰፋሪዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች በሬ በሚጎትተው ሸራ በለበሰ ጋሪ ቤተሰባቸውን ጭነው ወደ ምዕራብ እንዴት እንደገፉ። በማግስቱ ክፍል ፊት ቆማ ፕሬዘንት ማድረግ ነበረባት። ቲቸሯ ደግሞ «ከቤተሰባችሁ አዲስ መሬት ሄዶ የሰፈረ ሰው ካለ የእሱንም ጨምሩበት» ብላቸዋለች።

ሩት ሰው ነበራት። እኔን።

ከትንሽነቷ ጀምሮ የነገርኳት ነው፤ በድርቁ ጊዜ መንግሥት ከወሎ አንስቶ ለሰፈራ ወደ በለስ ቆላ እንዴት እንደወሰደን፣ ሰው የሚውጥ ሣር ውስጥ እንዴት እንዳራገፈን፣ ታናሽ ወንድሜን ወባ እንደነጠቀን፣ አባቴ ግን ያንን ጫካ መንጥሮ በቆሎ እንዳበቀለበት። ለንደን ተወልዳ «ዋናው አገርሽ የት ነው?» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን ለመናገር ስትቸኩል አየኋት።

«ለአውሬ ነዋ» አልኳት።

«እናንተም ጠባቂ ነበራችሁ ብለሽኛል። ማማ ላይ።»

«እኛማ ለዝንጀሮ ነው።»

«ሰውስ? ከእናንተ በፊት እዚያ ሰው አልነበረም?»

«ማንም። ጫካ ነበር።»

ጻፈችው። የቁልፎቹን መንጣጣት ሰማሁ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፦ «የእናቴ ቤተሰቦች ማንም ያልነበረበት መሬት ላይ ሰፍረው አገር አቀኑ። ቆንጆ ነው አይደል?»

«ቆንጆ ነው።»

«ማሚ! ሽንኩርቱ እያረረ ነው እኮ! ምን ሆነሻል?»

ምን እንደሆንኩ ግን አልነገርኳትም።

ልጅ ሳለሁ የኖርንባት መንደር ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ ነበራት። ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ዝንጀሮና ከርከሮ እንዳይጨርሱት ትልልቆቹ ተራ ገብተው ይጠብቁ ነበርና፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እኛ ልጆች ከማማው ሥር እንሰበሰባለን። የአባባ ተሰማ ተራ ሲሆን ደግሞ ማንም ቤቱ አይቀርም። ግንድ አያይዘው ከፍሙ ዳር እሸት ይደረድሩልናል፤ ጭሱ ትንኙን እያባረረ የእኛንም ዓይን ያስለቅሳል፤ ከኋላችን በየቤቱ የቀርከሃ ግድግዳ ስንጥቅ የኩራዝ ብርሃን ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይወጣል፤ ከፊታችን ግን የበቆሎው ጨለማ ነበርና ሁላችንም ጀርባችንን ወደ ቤት፣ ፊታችንን ወደ አባባ ተሰማ አድርገን ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

አባባ ተሰማ ወደ ሰፈራ ከመምጣታቸው በፊት ደሴ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አትክልተኛ ነበሩ። የታሪክ ክፍሉ መስኮት ሥር ያለውን አበባ የሚያጠጡት እሳቸው ስለነበሩ፣ አስተማሪው የሚያስተምረውን ሁሉ ቆመው ይሰሙ ነበር።

«እኔ እኮ ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩት በውሃ ማጠጫ ነው» ይሉናል። «እኔ ተማርኩ፤ አበባው ግን ውሃ በዝቶበት ሞተ።»

ከሰሙት ሁሉ የሚወዱት የአሜሪካንን ነበር። ኮሎምበስ የሚባለው ሰው በሦስት መርከብ ሲሄድ፣ መርከበኞቹ «ይኼ እብድ ባሕር ሊደፋን ነው» እያሉ እንዴት እንዳጉረመረሙበት፣ ድምፃቸውን እየለዋወጡ ያሳዩናል። ከዚያ ብዙ ዘመን ዘልለው፣ ሚስትና ልጅ ይዘው የተሻገሩትን ያመጧቸዋል፤ በመጀመሪያው ክረምት በብርድና በረሃብ ግማሾቹ እንዳለቁ፣ የአገሩ ሰዎች ደርሰው በቆሎ አዘራር እንዳስተማሯቸው፣ ከዘሩ ሥር ዓሣ እየቀበሩ። እዚህ ላይ ከፍሙ አንድ እሸት አንስተው አመዱን እፍ ይሉና፣ «ይቺ እኮ የእነሱ ናት፤ ያኔ እጃቸውን ሰብስበው ቢሆን እናንተ ዛሬ ምን ትግጡ ነበር?» ይሉናል። ቀጥሎ ጋሪዎቹ ይመጣሉ። ወንዙ፣ መንገድ ላይ የወደቀው በሬ፣ ዳር ላይ የተቀበረው ሕፃን፣ ለየአባወራው ተለክቶ የተሰጠው መሬት። ወንድሜ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ስለ ሕፃኑ ሲያወሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ ከደጃቸው ላይ ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። እኛ ልጆችማ ያለ ጥርጥር ጋሪው ላይ ተሳፍረን ነበር የምንሰማው።

«ከዚያ ደወል ተደወለ፤ ልጆቹም ወጡ፤ እኔም ውሃ ማጠጫዬን ይዤ ሄድኩ።» ታሪካቸው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

በዚያው ዓመት አባቴ ጓሮ ሲቆፍር ዶማው ድንጋይ መታ። አፈሩን ሲጠርግ ወፍጮ ሆኖ ተገኘ። ሰው ተመልሼ እመጣለሁ ሲል እንደሚያደርገው በግንባሩ ተደፍቶ ነበር፤ በእጅ የሚገፋው ድንጋይ፣ መጁም ከሥሩ ተቀምጧል። ገልብጠው ሲያዩት ሆዱ በመፈጨት ብዛት ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱም ወደ ግራ ያጋደለ ነበር። አባቴ ዙሪያውን ወደ ሣሩ ተመለከተ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፈሩን ጠርጋ ስታበቃ «እግዚአብሔር ሰጠን» አለች፤ ወፍጮ አልነበረንም፤ ከጎረቤት መለመን ሰልችቷት ነበር። በዚያው ቀን ፈጨችበት። መጁ ግን እየተንሸራተተ ስላስቸገራት «ይኼ ግራኝ ሴት የፈጨችበት ነው» ትል ነበር። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ማናችንም አንስተን አልተነጋገርንም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባቴና እናቴ ለጋራው እርሻ ወጥተው፣ «ቤቱን ጠብቂ፤ ማንም ምንም እንዳያነሳ» ተብዬ ብቻዬን ቀረሁ። ረፋዱ ላይ አንዲት ሴት ከሣሩ ውስጥ ወጣች። ትከሻዋ ላይ በተጋደመ እንጨት ግራና ቀኝ ቅል አንጠልጥላለች፤ ከኋላዋ እኔን የምታህል ልጅ አለች። ጉሙዝ መሆናቸውን በአሸካከሟ አወቅሁ። እኛ ሰፋሪዎቹ ያኔ በሌላ ስም ነበር የምንጠራቸው፤ ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም።

ሴትዮዋ ደጃችን ላይ ያለውን ወፍጮ ስታይ እንጨቷን ከትከሻዋ አወረደች። ተንበረከከች። የተረፈውን ዱቄት በመዳፏ ጠረገች፤ ከዚያ መጁን በግራ እጇ ይዛ አንድ ጊዜ ብቻ ገፋችው። እናቴን እምቢ የሚላት ድንጋይ ለእሷ ኮሽ ሳይል ሄደላት። ልጅቷ እናቷን አይታ ሳቀች፤ የሚያውቀውን ነገር እንዳየ ሰው ነው የሳቀችው።

ሴትዮዋ ዞር ብላ በምታውቃት ጥቂት አማርኛ «የማን?» አለችኝ።

«የእኛ» አልኩ። እሱም አልበቃኝ ብሎ ወፍጮው ላይ እግሬን አሳረፍኩ።

እግሬን አየች። እንጨቷን አንስታ፣ ልጇን በእጇ ነካ አድርጋ፣ በመጡበት ተመለሱ። በቤታችን ደጃፍ የቆመ ሰው ውሃ ሳይሰጠው አያልፍም ነበር። እኔ ግን ውሃ እንኳ ጠጡ አላልኳቸውም።

ማታ የአባባ ተሰማ ተራ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲጠሩ እኔ ከፍሙ አጠገብ ቀረሁ።

«አባባ፣ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«በቆሎ የሰጡት። ጋሪዎቹ ሲመጡ የት ሄዱ?»

«ደወል ተደወለ ብያችሁ የለ?»

«በማግስቱስ? አስተማሪው በማግስቱ አልጨረሱትም?»

አባባ ተሰማ እሳቱን ቆሰቆሱት፤ መቆስቆስ ግን አላስፈለገውም ነበር። «ጨርሰውት ይሆናል» አሉ። «በማግስቱ እኔ የጥድ አጥሩን ልከረክም ወደ ማዶ ሄድኩ። ማንም አላዘዘኝም። አስተማሪው ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉኝ ነበር፤ ልጠይቃቸው እችል ነበር። ግን ደስ የሚል ታሪክ ነበር፣ ልጄ። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው።» ከዚያ ፊቴን አይተው «ምነው ጠየቅሽኝ?» አሉ።

«እንዲሁ ነው» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሴትዮዋ ወንዶች አስከትላ ትመጣለች እያልኩ ስንት ቀን ከሣሩ ዓይኔን ሳልነቅል ዋልኩ። አልመጣችም። አለመምጣቷ ደግሞ ይብስ አስፈራኝ፤ የሚመጣ ሰው የት እንዳለ ይታወቃል፤ የቀረ ሰው ግን የት እንደደረሰ አይታወቅም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትፈጭ፣ መጁ ሲንሸራተትባት ልቤ አብሮ ይንሸራተታል። ነገሩን ለእሷም ለአባቴም ሳልነግራቸው ሁለቱም አረፉ። እዚህ ለንደን ለንስሐ አባቴ ስንቱን ተናግሬያለሁ፤ ይህንን ግን አንድ ቀንም ኃጢአት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

እናም ያን ማክሰኞ ማታ ሩት ደስ ብሏት ስላይዷን ለሦስተኛ ጊዜ ስትለማመድ፣ እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ እየሰማኋት፣ «ማንም ያልነበረበት» የምትለዋ ቦታ ላይ ስትደርስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞር ነበር። ብነግራት ነገ ክፍል ፊት ምን ይዛ ትቆማለች? ለመጀመሪያ ጊዜ የኮራችበትን ነገር በአንድ ሌሊት እንዴት እነጥቃታለሁ? ሌላም ፍርሃት ነበረኝ፤ ከዚያ ወዲያ የምነግራትን ሁሉ ታምነኛለች ወይ? ባልነግራት ደግሞ ያቺን ሴት በሁለተኛ ቋንቋ፣ ሠላሳ ልጅ ፊት፣ በልጄ አፍ እንደገና «አልነበርሽም» ማለቴ ነው። እኔ ወፍጮው ላይ እግሬን ሳሳርፍ ያዩኝ እናትና ልጅ ብቻ ነበሩ። የሩትን ግን ሠላሳ ልጅ ሰምቶ አምኖ ወደየቤቱ ይወስደዋል።

በማግስቱ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። መጽሐፉን ከድኜ ሄጄ ቀሰቀስኳት።

«ሩቴ፣ ትናንት ማንም አልነበረም ብዬሻለሁ። ነበሩ።»

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ምን?»

«መሬቱ ላይ። ሰዎች ነበሩ።»

«ማሚ! ፕሬዘንቴሽኑ እኮ ዛሬ ነው! አሁን ነው የምትነግሪኝ?» ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ለምን አልነበሩም አልሽኝ?»

«አፍሬ ነው።»

ነገርኳት። ካልሲዋን እያጠለቀች ጀምራ፣ አንዱን እግሯን ብቻ አጥልቃ ቀረች። ስጨርስ ሌላኛውን ካልሲ በእጇ እንደያዘች ቀና አለች።

«እና ባድ ጋይስ፣ ክፉዎቹ እኛ ነን ማለት ነው?»

«ርቦን ነበር። መርጠን አልሄድንም። ወንድሜም ሞቷል። እሱን አታውጪው፤ እውነት ነው። ግን ያቺ ሴትዮም እውነት ናት።»

«ስሟ ማነው?»

«አላውቅም።»

«የልጅቷስ?»

«አልጠየቅኋትም።»

ላፕቶፗን ወጥ ቤት ይዛ ሄደች። ባሷ ሊደርስ ሩብ ሰዓት አልቀረውም። «ሴትዮዋን የእኛ ነው ያለቻት አያቴ ናት አይደል?» ብላ ጮኻ ጠየቀችኝ፤ እኔ ስነግራት «የእኛ ነው አልናት» ብዬ አልፌው ነበርና ማን እንዳለ አልያዘችውም። እናቴ ዐርፋለች፤ ማንም ምን ቢላት አይሰማትም። አፌ «አዎ» ሊል ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ጻፈችው። ከጀርባዋ ቆምኩ። ስትጨርስ፣ እንደ ማታው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፦ «አንድ ቀን የቦታው ሰው የሆነች ሴት መጥታ ወፍጮው የማን ነው አለች። እናቴ የእኛ ነው አለቻት። ትንሽ ልጅ ስለነበረች አታውቅም ነበር።»

«አታውቅም ነበር» የምትለዋን ለእኔ አዝና ነው የጨመረቻት። በጽሑፏ ሁሉ ውስጥ ለእኔ ብላ የጻፈችው እሷን ብቻ ነበር። ትከሻዋን ያዝኩ፤ ጎንበስ ብዬ ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ይቺን አጥፊያት» አልኳት። «አውቅ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። እስክታጠፋት ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።