መንገድ ያለበት ክፍል

ከናዝሬት የወጣነው ጀንበር ስትጠልቅ፣ ወደ ድሬዳዋ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣበን ነው። ልጄ ሰናይት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አትናገርም ማለት ይቻላል፤ ድምፅ ሲበዛባት ደግሞ ጆሮዋን ይዛ እግሯ ወዳመራት ትሮጣለች። ጎረቤቱ «ዛር ነው» ይላል። እኔን ያስፈራኝ ግን ዛሩ አልነበረም። አንድ ቀን የቀበሌ ጥበቃ «ቁሚ!» ብሎ ሲጮህባት ሮጠች። ጠመንጃውን ሲያቀባብል ደርሼ ፊቱ ተገተርኩ። «ሁለተኛ አልምርም» አለኝ። በዚያው ቆረጥኩ፤ እናቴን ትቼ ወጣሁ።

ከድሬዳዋ ድንበር ተሻግረን ጅቡቲ ገባን፤ የጅቡቲን ሙቀት ላየ ሰው መተሐራ ደጋ ነው። ከዚያ የስደተኞች ድርጅት ስዊድን ላከን፤ ብርዱን ተዉት፣ ሥጋውን በማርማላታ ይበላሉ!

አከራያችን አንድ ቀን በሩን አንኳኳና «ልጅሽ ሰላም አትለኝም» አለኝ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ደረጃ ከሚወጣው ሰው ማን ሰላም ብሎን ያውቃል? አገሩን ከኔ ቀድማ ለምዳ ነው» አልኩት።

የትምህርት ቤቷ መምህርት ኢንግሪድ ትባላለች። «ኦቲዝም ነው፤ የማንም ጥፋት አይደለም» አለችኝና ወደ አንድ ባዶ ክፍል አስገባችን። መብራቱ ሲጠፋ ሦስቱ ግድግዳዎች በፊልም ማሽን መንገድ ሆኑ። መኪናው ይተራመሳል፣ ጥሩምባው ይጮኻል። አውቶቡሱ ሲመጣብኝ እኔ ራሴ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

ሰናይት ጥግ ገብታ ተኮራመተች። ኢንግሪድ ድምፁን ዘግታ በምስሉ ብቻ አለማመደቻት፤ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ አደረገችው። «ሲበዛብሽ እጅሽን አንሺ» ትላታለች። እጇን ስታነሳ መንገዱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ለልጄ እንዲህ የታዘዘ አገር አይቼ አላውቅም።

በረዶው ሲቀልጥ እውነተኛው መንገድ ላይ ወጣን። ሰናይት ከፊት፣ እኛ ከኋላ። አንድ ትልቅ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። ልይዛት ስል ኢንግሪድ ክንዴን ያዘችኝ። ሰናይት እጇን አነሳች፤ መንገዱ ግን ጸጥ አላለም። እጇን እንዳነሳች ቆመች። መኪናው አለፈ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ተሻገረች። ማዶ ቆማ ዞር አለችና «ነይ» አለችኝ።

ማታውኑ ለእናቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሰናይት ብቻዋን መንገድ ተሻገረች!»

«እሰይ! እልልል! እንግዲህ ትመጣላችኋ?»

«እዚያ የእግረኛ መብራት የለም እኮ፣ እማዬ።»

«እኔ እጇን ይዤ አሻግራታለሁ።»

በስልክ ሁሉ ነገር አይነገርም፤ የጥበቃውን ጠመንጃ አላነሳሁባትም።

«በይ እሷን ስጪኝ» አለች።

ሰናይት መነጋገሪያውን ተቀብላ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። እናቴ ረጅም ጊዜ አወራቻት፤ እሷም አልሸሸችም። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አላውቅም።