ለአባዬ የዘረጋሁት ኬብል

ባለፈው ክረምት ኬብል ስመርጥ የከረምኩበትን ጊዜ ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል። ነገሩ የሆነው ሞላሌ ከተማ፣ እኛ ግቢ ነው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ከኢንተርኔት ቅዳሴ እንዲሰሙ ብዬ ድምፅ ማጉያ ገዛሁላቸው። ራውተሩ ያለው እኔ ቤት፣ የእሳቸው ክፍል ደግሞ ከግቢው ማዶ ስለሆነ ኬብል ዘረጋሁ።

“እንዴት ነው አባዬ?” አልኳቸው ጮክ ብዬ።

አፍ አፌን እያዩ፣ “ደኅና ነው፤ ብቻ አይጠራም” አሉኝ።

ጥፋቱ የኬብሉ መስሎኝ የተሻለ የሚባለውን ገዝቼ ቀየርኩት። አሁንም አልጠራላቸውም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ የፋይበር ኬብልና በሁለቱ ጫፍ የሚሰኩትን፣ ሞጁል የሚባሉትን ማገናኛዎች አመጣሁ። ባለሱቁ “ሁለቱ ካልተጣጣሙ አይሠራልህም” ስላለኝ፣ እነሱን ሳመሳክር ዋልኩ።

ገጣጥሜ እንደጨረስኩ አባዬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ወለሉን በመቋሚያቸው ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር።

“አሁን ጠራ!” አሉኝ ፈገግ ብለው። “ተባረክ ልጄ። ከእንግዲህ አትድከም።”

ድምፅ ማጉያውን ገና አልከፈትኩትም ነበር።